ዲያሎ ቴሊ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ስለ ጽሕፈት ቤቱ በሚናገርበት አንቀጽ፣ ዋና ጸሐፊ ከሚለው ማዕረግ ጋር አንድ ቅጽል ተያይዞ እናገኛለን። ቅጽሉ አስተዳደራዊ የሚል ነው። ለተራ አንባቢ ይህ ቃል የጌጥ ያህል ሊመስል ይችላል፤ ሕግ ማርቀቅንና መተርጐምን ሙያው ላደረገ ሰው ግን የሥልጣን ወሰን መሆኑ አይሰወረውም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር በ99ኛው አንቀጽ፣ ዋናው ጸሐፊ የዓለምን ሰላም ያሰጋል ብሎ የገመተውን ጉዳይ ማንም ሳይጠይቀው ለጸጥታው ምክር ቤት እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። ዳግ ሐመርሾልድ በ1960 እ.ኤ.አ. በኮንጎ ጉዳይ በዚሁ አንቀጽ ተጠቅመው ምን ያህል ርቀው እንደ ተጓዙ የአፍሪካ መሪዎች በቅርብ ተመልክተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ የራሳቸውን ማኅበር ሲመሠርቱ ለራሳቸው ዋና ጸሐፊ ይህን የመሰለ በር አልከፈቱለትም። ጉባዔ የሚያሰናዳ፣ ቃለ ጉባዔ የሚጠብቅ፣ በጀት የሚያዘጋጅ ሠራተኛ እንዲሆንላቸው ነበር የፈለጉት።

ሹመቱ የደረሰው ግን ለዝምታ ባልተፈጠሩ ሰው እጅ ነው። መንግሥታት በማኅበር ተሰባስበው የውጭ ፖሊሲያቸውንና ጸጥታቸውን በጋራ ለማጠናከር ምን ያስፈልጋቸዋል የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሠራዊትና ስለ በጀት ይሆናል። የዲያሎ ቴሊን ሕይወት የተከታተለ ሰው ግን ከሠራዊቱም ከበጀቱም አስቀድሞ የሚመጣ አንድ ነገር እንዳለ ይገነዘባል፤ እርሱም መንግሥታቱ በጋራ ለሾሙት ሰው የሚሰጡት ሥልጣንና የሚያደርጉለት ጥበቃ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቡባካር ዲያሎ ቴሊ በ1925 በጊኒ ደጋማ አገር በፉታ ጃሎን፣ ፖሬዳካ በተባለች መንደር ተወለዱ። ፉታ ጃሎን የጋምቢያና የሴኔጋል ወንዞች የሚመነጩበት ከፍተኛ ቦታ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ ፉላኒዎች በእስልምና ትምህርት የታወቁና ፈረንሳዮች አገሩን ከመያዛቸው በፊት የራሳቸው መንግሥት የነበራቸው ናቸው። ልጁ በትምህርቱ ብልህ ስለ ነበር በዳካር አቅራቢያ ወዳለው ወደ ዊልያም ፖንቲ ትምህርት ቤት ተላከ። የምዕራብ አፍሪካ የመጀመሪያዎቹ ፕሬዚዳንቶችና ሚኒስትሮች እጅግ ብዙዎቹ ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ከዚያም ፓሪስ ሄደው ሕግ አጠኑ፤ የቅኝ ግዛት አስተዳዳሪዎች በሚሠለጥኑበት ከፍተኛ ትምህርት ቤትም ገብተው ተመረቁ።

የመጀመሪያ ሥራቸው በዐቃቤ ሕግነት ነበር፤ በሴኔጋል በቲየስ ከተማ፣ ቀጥሎም በዛሬዋ ቤኒን፣ በዚያን ጊዜዋ ዳሆሜ፣ በኮቶኑ አገለገሉ። በ1955 ዳካር ወደሚገኘው ወደ ጠቅላይ ኮሚሲዮነሩ ጽሕፈት ቤት ተዛወሩ። በ1957 ደግሞ የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ታላቁ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ይህን ሹመት የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ከኒውዮርኩ ሥራቸው የማያንስ ትምህርት ያገኙበት ይመስለኛል። ፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ሴኔጋልን፣ ሞሪታኒያን፣ የዛሬዋን ማሊ፣ ጊኒን፣ አይቮሪ ኮስትን፣ የዛሬዋን ቡርኪና ፋሶ፣ ዳሆሜንና ኒጀርን በአንድ ያስተዳድር የነበረ የስምንት አገሮች ማኅበር ነው። የተመሠረተው በቅኝ ገዥ ፈቃድ ቢሆንም፣ አንድ ጉምሩክ፣ አንድ የበጀት ቋት፣ አንድ የጋራ ምክር ቤት ነበረው። ዲያሎ ቴሊ የዚህን ምክር ቤት መዝገብ በያዙበት ጊዜ ማኅበሩ መፍረስ ጀምሮ ነበር፤ ባለጠጋዋ አይቮሪ ኮስት የድኾቹን ሸክም አልሸከምም ብላ ስትገፋ፣ ዳካርም የማዕከልነት ክብሯን ላለማጣት ስትከራከር በዓይናቸው አይተዋል። ስምንት አገሮች በአንድ ጣራ ሥር ሊውሉ የሚችሉት በምን እንደ ሆነ፣ የሚለያዩትም በምን እንደ ሆነ፣ በ32 ዓመታቸው ከውስጥ የተመለከቱ ሰው ነበሩ።

በ28 ሴፕቴምበር 1958 የጊኒ ሕዝብ የጄኔራል ደ ጎልን የማኅበረሰብ ሐሳብ ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገ። ከአራት ቀን በኋላ አገሪቱ ነፃ ሆነች፤ ፈረንሳዮችም ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው፣ ሊወስዱ የሚችሉትን ዕቃና መዝገብ ይዘው ወጡ። በዳካር የተደላደለ ሹመት የነበራቸው ዲያሎ ቴሊ ምርጫቸውን ለማሰብ ጊዜ የወሰዱ አይመስሉም። ወደ ኮናክሪ ሄደው ለፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ ራሳቸውን አቀረቡ፤ ፕሬዚዳንቱም አዲሲቱን አገር በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንዲያስመዘግቡ ላኳቸው። በ12 ዲሴምበር 1958 ጊኒ በፈረንሳይ ድምፅ ተዐቅቦ አባል ሆነች። ዲያሎ ቴሊም በጥቂት ጊዜ ልዩነት እስከ 1964 ድረስ የአገራቸው ቋሚ መልእክተኛ ሆነው በኒውዮርክ ሠሩ፤ ለተወሰነ ጊዜም በዋሽንግተን አምባሳደርነቱን ደርበው ይዘው ነበር።

እነዚያ ዓመታት ለአፍሪካ ዲፕሎማሲ መልካም ዓመታት ነበሩ። በ1960 ብቻ 16 የአፍሪካ አገሮች በአንድ ጊዜ ወደ አዳራሹ ገቡ፤ ድምፃቸውን አንድ ካደረጉ ጠቅላላ ጉባዔውን ሊያንቀሳቅሱ እንደሚችሉ ያስተዋሉት መልእክተኞችም በአፍሪካ ቡድን ስም ተሰብስበው መምከር ጀመሩ። የዚህ ፍሬ ከሆኑት አንዱ በ1962 በተሰጠው ውሳኔ መሠረት የደቡብ አፍሪካን የአፓርታይድ ፖሊሲ እንዲከታተል የተቋቋመው ልዩ ኮሚቴ ነው። ምዕራባውያን መንግሥታት በኮሚቴው ለመቀመጥ አልፈቀዱም፤ ስለዚህም ብዙዎች ጥርስ የሌለው ነው ሲሉ አቃለሉት። በ1963 ሥራውን ሲጀምር ሊቀ መንበርነቱ ለዲያሎ ቴሊ ተሰጠ። ሰውየው የምዕራባውያንን አለመኖር እንደ ጉድለት አልቈጠሩትም፤ ተቃዋሚ በሌለበት ኮሚቴ ምስክሮችን እየሰሙ፣ ማስረጃ እየሰበሰቡ፣ ሪፖርት በሪፖርት ላይ እየደራረቡ ቀጠሉ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የጸጥታው ምክር ቤት መንግሥታት ሁሉ ለደቡብ አፍሪካ መሣሪያ መሸጥ እንዲያቆሙ ጠየቀ። ውሳኔው አስገዳጅ አልነበረም፤ አስገዳጅ እስኪሆን ድረስ 14 ዓመት ወስዷል። ዱካው ግን ከዚያ ይጀምራል።

በጁላይ 1964 የመሪዎች ጉባዔ ካይሮ ላይ ተሰበሰበ። እስከዚያ ጊዜ የጽሕፈት ቤቱን ሥራ በጊዜያዊነት ይመሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ዲፕሎማት ክፍሌ ወዳጆ ነበሩ። ጉባዔው ሦስት ታላላቅ ነገሮችን ወሰነ፤ የድርጅቱ መቀመጫ አዲስ አበባ እንዲሆን፣ አባል መንግሥታት ነፃነታቸውን ሲያገኙ የነበረውን ወሰን እንዲያከብሩ፣ ዲያሎ ቴሊም ለአራት ዓመት ዋና ጸሐፊ እንዲሆኑ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለፖሊስ ኮሌጅ የተሠራውን ሕንፃ ለድርጅቱ ሰጡ። የ39 ዓመቱ ዋና ጸሐፊ እዚያ ገብተው ከየአገሩ የተውጣጡ፣ በቋንቋም በአሠራር ልማድም የማይገናኙ ሠራተኞችን ሰብስበው አንድ መሥሪያ ቤት ማቆም ነበረባቸው።

ገንዘቡ ከአባላት መዋጮ የሚገኝ ነበር። ቻርተሩ መዋጮው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተመን መሠረት እንዲሆንና የማንም አባል ድርሻ ከመቶ ሃያ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የማይከፍል አባል ምን እንደሚደረግ ግን አልተናገረም። ውጤቱን መገመት አያስቸግርም። ዋናው ጸሐፊ የሥራ ዘመናቸውን ጥቂት የማይባል ክፍል ያሳለፉት ውዝፍ በመጠየቅ ነው።

የጸጥታው ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነበር። የጋናው ፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማ ገና ከመነሻው አንድ የጋራ የጦር አዛዥነት እንዲቋቋም ጠይቀው ነበር። ቻርተሩ የመከላከያ ኮሚሽን ፈጠረ፤ ኮሚሽኑም በ1963 መጨረሻ አክራ ላይ፣ በ1965 ደግሞ ፍሪታውን ላይ ተሰበሰበ፤ የንክሩማን ሐሳብ ግን አልተቀበለውም። በመካከሉ፣ በጃንዋሪ 1964፣ የታንጋኒካ ሠራዊት ዐመፀ፤ ፕሬዚዳንት ኔሬሬም ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው የቀድሞ ገዥያቸውን እንግሊዝን ለመጥራት ተገደዱ። በኋላ የናይጄሪያ ወታደሮች መጥተው የእንግሊዞቹን ቦታ ያዙ። ስለ አህጉር ጸጥታ በሚነሣ ክርክር ሁሉ ከዚህ ድርጊት የበለጠ ማስረጃ መጥቀስ ያዳግታል። ማኅበሩ የሚልከው ጦር ባለመኖሩ፣ ለቅኝ ግዛት ነፃነት ከተከራከሩት ግንባር ቀደም መሪዎች አንዱ ወደ ቅኝ ገዥው እጃቸውን ዘረጉ፤ መፍትሔ የተገኘውም ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ከአንድ አባል መንግሥት በጎ ፈቃድ ነው።

ከዚያም ሮዴዢያ መጣ። በ11 ኖቬምበር 1965 ኢያን ስሚዝ የነጮቹን ነፃነት በራሱ ሲያውጅ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በዲሴምበር መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። እንግሊዝ ዐመፁን እስከ 15 ዲሴምበር ድረስ ካልደመሰሰች አባል መንግሥታት ሁሉ ከእርሷ ጋር የዲፕሎማቲክ ግንኙነታቸውን እንዲያቋርጡ ተወሰነ። የተሰጠው ጊዜ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ውሳኔው በአንድ ድምፅ ሲተላለፍ አዳራሹ የተደሰተበትን ያህል ሚኒስትሮቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ከየመሪዎቻቸው ዘንድ የጠበቃቸው ፊት የተለየ ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ ከ30 በላይ ከሆኑት አባላት መካከል ቃላቸውን የጠበቁት ከ10 አይበልጡም። የቀሩት ወይ ዝም አሉ፣ ወይም የሚኒስትሮች ምክር ቤት መሪዎችን ሊያስገድድ አይችልም ብለው የሕግ ክርክር አነሡ። ክርክሩ በሕግ ዓይን ስሕተት አልነበረበትም፤ በቻርተሩ መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነቱ ለመሪዎች ጉባዔ ነው፣ የጉባዔው ውሳኔም ቢሆን የማስፈጸሚያ መንገድ የለውም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የዛምቢያ ጉዳይ ነበር። በፍልሚያው ግንባር የምትገኘው ይህች አገር መዳብዋን ወደ ባሕር የምታወጣው በሮዴዢያ ባቡር ነው፤ የካሪባ ግድብ የኤሌክትሪክ ማመንጫም ከወንዙ ማዶ በስሚዝ እጅ ነበር። እንግሊዝን ብታባርር የሚረዳት ማን ነው? አዲስ አበባ ላይ ውሳኔው ሲረቀቅ ይህን ጥያቄ አጥንቶ ለሚኒስትሮቹ ያቀረበ ክፍል አልነበረም፤ ዋናው ጸሐፊ እንዲህ ያለ የጥናት ክፍልም፣ የየአባሉን አቅም መዝኖ ይህ ውሳኔ አይፈጸምም ብሎ ለማስጠንቀቅ የሚያስችል ሥልጣንም አልተሰጣቸውም። ዲያሎ ቴሊ በባሕርያቸው ለጠንካራው ውሳኔ የሚያደሉ ሰው ስለ ነበሩ ሥልጣኑ ቢኖራቸው ያስጠነቅቁ ነበር ብሎ መማል አይቻልም። የሆነ ሆኖ ማኅበሩ በአንድ ወር ውስጥ ለዓለም ያሳየው ነገር ቢኖር የዛተበትን መፈጸም አለመቻሉን ነው። ከዚያ በኋላ ለንደን የአዲስ አበባን ማስጠንቀቂያ ስትሰማ የምትፈራበት ምክንያት አልነበራትም።

ይህ ከሆነ አንድ ዓመት ሳይሞላ ዋናውን ጸሐፊ በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ተነሣ። በፌብሩዋሪ 1966 ንክሩማ በመፈንቅለ መንግሥት ወርደው ኮናክሪ ተጠግተዋል። በ29 ኦክቶበር የጊኒው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላንሳና ቤአቮጊ ለድርጅቱ ስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የተሳፈሩበት የአሜሪካ አውሮፕላን አክራ ላይ ባረፈ ጊዜ፣ አዲሱ የጋና መንግሥት ከነመልእክተኞቻቸው ይዞ አሰራቸው፤ በጊኒ አሉ የሚላቸው የጋና ዜጎች ካልተለቀቁ አልለቅም አለ። ጊኒም በፋንታዋ የአሜሪካውን አምባሳደር ከቤታቸው እንዳይወጡ ከለከለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ለድርጅቱ ስብሰባ የሚጓዙ መልእክተኞች በመንገዳቸው እንዳይያዙ የሚደነግገው የመብትና የነፃነት ስምምነት የጸደቀው ገና አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 1965፣ በዚያችው በአክራ ነበር።

ዲያሎ ቴሊ ጊኒያዊ ናቸው፤ የታሰሩት የአገራቸው ሰዎች ናቸው፤ አሳሪውም ተከሳሹም የሚያገለግሉት ማኅበር አባላት ናቸው። ቢናገሩ ለአገራቸው አደሉ፣ ዝም ቢሉ ቻርተሩን አላስከበሩም ሊባሉ ነው። እስረኞቹ የተፈቱት በሳምንቱ፣ የመሪዎች ጉባዔ በሚከፈትበት ዋዜማ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ሌሎች መሪዎች ከጋና ጄኔራሎች ጋር በተነጋገሩ ጊዜ ነው። ስምምነቱ የተጻፈ ሕግ ሆኖ ሳለ የተከበረው በሽምግልና ነበር። ሽምግልናው የሚያስመሰግን ነው፤ ሽማግሌ ያጣ ሰው ግን በስምምነቱ ብቻ ሊድን እንደማይችል ያን ጊዜ ግልጽ ሆኗል።

ከ1967 እስከ 1970 የናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ድርጅቱን ከሁሉ በላይ አስጨነቀው። በሴፕቴምበር 1967 ኪንሻሳ ላይ የኢትዮጵያ፣ የላይቤሪያ፣ የጋና፣ የካሜሩን፣ የኒጀርና የኮንጎ መሪዎች ያሉበት የስድስት ሰዎች ኮሚቴ ተመረጠ፤ ኮሚቴው ግን ገና ሲነሣ ጉዳዩ የናይጄሪያ የውስጥ ጉዳይ መሆኑን ተቀብሎ ነበር። በ1968 ታንዛኒያ፣ ጋቦን፣ አይቮሪ ኮስትና ዛምቢያ ቢያፍራን ሲያውቁ የማኅበሩ አንድነት ተናጋ። በኦገስት ወር ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ኮሎኔል ኦጁኩ ራሳቸው በአፍሪካ አዳራሽ ንግግር አደረጉ፤ ስምምነት ግን አልተገኘም። ዲያሎ ቴሊ ለናይጄሪያ አንድነት ያለ ማወላወል ቆሙ። በካይሮው የወሰን ውሳኔ መሠረት ሊቆሙበት የሚገባቸው ቦታ ይህ ነበር፤ ሆኖም በረኀብ የሚያልቁትን ሕፃናት ፎቶግራፍ ዓለም በየጋዜጣው ሲያይ የአዲስ አበባው ጽሕፈት ቤት ከሰነዶቹ በስተቀር የሚያሳየው ነገር እንዳልነበረው መካድ አይቻልም። ጦርነቱ ያበቃው በጃንዋሪ 1970 በጦር ሜዳ ነው።

በ1968 አልጀርስ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተመረጡ። በዚያው ዓመትና ከዚያም በኋላ ግን ቅሬታው እየበረታ ሄደ። ከቅጽሉ ወሰን አልፈው ይናገራሉ፣ ጋዜጠኛ ይሰበስባሉ፣ ከአንዳንድ መሪዎች ጋር የአባልና የሠራተኛ ሳይሆን የእኩያ ክርክር ይከራከራሉ ይባሉ ነበር። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ የጊኒ ፖለቲካ ቃና ከአንደበታቸው የሚሰማበት ጊዜ ነበር፣ ይህም ከለዘብተኞቹ መንግሥታት ጋር አራርቋቸዋል። ነገር ግን በ1970 የአይቮሪ ኮስቱ ፕሬዚዳንት ከደቡብ አፍሪካ ጋር መነጋገር ይሻላል የሚል ሐሳብ ባመጡ ጊዜ፣ በተከታዩ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ማኅበሩ ሐሳቡን በግልጽ ውድቅ እንዲያደርግ ከደከሙት መካከል ይኸው አስተዳደራዊ ጸሐፊ ይገኙበታል። ድርጅቱ በዚያ ዘመን ከወሰዳቸው የጋራ የውጭ ፖሊሲ አቋሞች ሳይፈርስ የቆየው ይህ ነው።

በኖቬምበር 1970 ፖርቱጋሎች ከቢሳው በመርከብ መጥተው ኮናክሪን በሌሊት ወረሩ። ፕሬዚዳንቱን ለመያዝ ባይችሉም የታሰሩባቸውን ወታደሮች አስፈትተው ተመለሱ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በዲሴምበር ሌጎስ ላይ ተሰብስቦ ወረራውን አወገዘ፤ የመከላከያው ጉዳይ እንደገና እንዲጠናም ጠየቀ። የሚላክ ጦር አሁንም አልነበረም። ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። ሴኩ ቱሬ ከወረራው በኋላ ጠላት በውስጤ አለ ብለው ተነሡ፤ ሚኒስትሮች፣ መኮንኖች፣ የኮናክሪው ሊቀ ጳጳስ ሳይቀሩ ታሰሩ፤ በጃንዋሪ 1971 ሰዎች በአደባባይ ተሰቀሉ። አንድ መንግሥት ከውጭ ጥቃት የሚጠብቀው የጋራ ኃይል ሲያጣ ፍርሃቱን በራሱ ዜጎች ላይ እንደሚያወጣ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ይህን ስል የሴኩ ቱሬን ጭካኔ ለማቃለል አይደለም፤ ካምፕ ቡዋሮ የተባለው እስር ቤት ከወረራውም በፊት ሰው ይበላ ነበር።

በጁን 1972 ራባት ላይ የካሜሩኑ ንዞ ኤካንጋኪ ተመረጡና የዲያሎ ቴሊ የስምንት ዓመት አገልግሎት አበቃ። ወዳጆቻቸው ወደ ጊኒ እንዳይመለሱ እንደ መከሯቸው በሰፊው ይነገራል። በዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም በሌላ አገር ሥራ ማግኘት የማይችሉ ሰው አልነበሩም። ተመለሱ። በዚያው ዓመት በኦገስት የፍትሕ ሚኒስትር ተደረጉ፤ የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ፣ ሰው ያለ ክስና ያለ ፍርድ ለዓመታት በሚታሰርበት አገር፣ በስም የፍርድ ቤቶች ሁሉ የበላይ ሆኑ። በዚህ ሹመት አራት ዓመት ቆይተዋል፤ የተቃወሙበት የታወቀ ጊዜ የለም። ሙያችን የሚጠይቀውን ስናስብ ይህን ክፍል ሳናየው ማለፍ አይገባንም።

በ18 ጁላይ 1976 ሌሊት ከቤታቸው ተይዘው ወደ ካምፕ ቡዋሮ ተወሰዱ። በዚያ ክረምት ሴኩ ቱሬ የፉላኒ ሤራ የሚባል ነገር አውጀው በአንድ ሕዝብ ላይ ጣታቸውን ቀስረው ነበር፤ የሤራው መሪ ናቸው የተባሉት ዲያሎ ቴሊ ናቸው። የአሜሪካ ሰላይ ናቸውም ተባሉ። በሥቃይ ብዛት የእምነት ቃል እንዲፈርሙ ተደረገ። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። በፌብሩዋሪ 1977 ሚኒስትሮች ከነበሩት ከባሪ አልፋ ኡማርና ከድራሜ አሊዩን፣ ከሁለት የጦር መኮንኖችም ጋር፣ ምግብም ውሃም ተከልክለው በየክፍላቸው ተዘጋባቸው። እስረኞቹ ለዚህ ዐይነቱ ቅጣት ጥቁር የሚል ስም ሰጥተውታል። ዲያሎ ቴሊ በማርች መጀመሪያ ሞቱ፤ 52 ዓመት አካባቢ ነበራቸው። መንግሥታቸው የሞታቸውን ዜና አልተናገረም፤ አስከሬናቸውም ለቤተሰባቸው አልተሰጠም።

ስምንት ዓመት ያገለገሉት ድርጅትስ? የመሪዎች ጉባዔ በ1977 ሊብረቪል ላይ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የት ደረሱ የሚል ጥያቄ በይፋ አልተነሣም። በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት የሚለው የቻርተሩ 3ኛ አንቀጽ አፍ ዘጋ። ለሕግ ሰው ግን እዚህ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነበረ። ቻርተሩ በ18ኛው አንቀጽ ዋናው ጸሐፊና ሠራተኞቹ ከማንም መንግሥት ትእዛዝ እንዳይቀበሉ፣ መንግሥታትም ይህን ዓለም አቀፋዊ ጠባያቸውን እንዲያከብሩ ያዝዛል። አንድ ሰው በዚህ ትእዛዝ መሠረት ስምንት ዓመት ከሠራ በኋላ ከውጭ ኃይሎች ጋር ተገናኝተሃል ተብሎ ሲታሰር፣ ክሱ የሥራ ዘመኑን የሚነካ አይደለም ወይ ብሎ መጠየቅ ጣልቃ መግባት ሊባል አይችልም። ጥያቄው ስለ ጊኒ ሳይሆን ስለ ድርጅቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ሁሉ፣ የሚናገረው እውነት አገሩን የሚገዛውን ሰው ቢያስከፋ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ዐውቆ ይቀመጣል።

ሕጉ ከጊዜ በኋላ ተለውጧል። አስተዳደራዊ የሚለው ቅጽል በ1970ዎቹ መጨረሻ ተሰረዘ። በ1981 ናይሮቢ ላይ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ቻርተር ጸደቀ። በ2000 የተፈረመው የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ድንጋጌ የዘር ማጥፋትና የመሳሰሉ ከባድ ወንጀሎች በሚፈጸሙበት አገር ኅብረቱ ጣልቃ እንዲገባ ፈቀደ። በ2002 ደርባን ላይ የጸደቀው የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት ፕሮቶኮል ደግሞ የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ሰላምን ያሰጋል ያለውን ጉዳይ በራሱ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ሥልጣን ሰጠው፤ ከ39 ዓመት በፊት የተዘጋው በር ተከፈተ ማለት ነው። የገንዘቡ ነገር ግን የዲያሎ ቴሊን ዘመን ያስታውሳል። በ2016 ኪጋሊ ላይ አባላት ከውጭ ከሚገባ ዕቃ 0.2 ከመቶ ለኅብረቱ እንዲሰጡ ተወሰነ፤ ሁሉም አልፈጸሙትም። በዲሴምበር 2023 የጸጥታው ምክር ቤት በአፍሪካ ኅብረት የሚመሩ ዘመቻዎች እስከ 75 ከመቶ የሚሆነውን ወጪያቸውን ከተባበሩት መንግሥታት መዋጮ ሊያገኙ የሚችሉበትን መንገድ ከፈተ፤ ፈቃዱ ግን በየዘመቻው እየታየ የሚሰጥ ነው። በ2012 የተመረቀው የኅብረቱ ሕንፃ የቆመው ዓለም በቃኝ የተባለው የአዲስ አበባ ወህኒ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ መሆኑን የከተማችን ነዋሪ ሁሉ ያውቃል።

ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ በ1984 የመሪዎች ጉባዔ የሚደረገው በኮናክሪ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ሴኩ ቱሬ በተራቸው የድርጅቱን ሊቀ መንበርነት ይረከባሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ የአባላቱን ፈቃድ ለማግኘትም ለብዙ ዓመታት ደክመዋል። ለእንግዶቹ ማረፊያ በባሕሩ ዳር ቪላዎች ተሠሩ። ፕሬዚዳንቱ በ26 ማርች በአሜሪካ አገር ክሊቭላንድ ሆስፒታል ሞቱ፤ በ3 ኤፕሪል ወታደሮች ሥልጣን ያዙና የካምፕ ቡዋሮን በሮች ከፈቱ። ከውስጥ የወጡት እስረኞች ስለ ዲያሎ ቴሊ የመጨረሻ ቀናት የሚያውቁትን መናገር ጀመሩ። ጉባዔው ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ መሪዎቹም በኖቬምበር ወር በአፍሪካ አዳራሽ ተሰበሰቡ።